ኢፖክሲን ከስብራት ለማዳን ፒሲኤል አቅልጦ መጨመር፦ የሞከረ አለ?

ሞልድ ሠሪው
ሰላም ለሁላችሁ። ቃሊቲ ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ። ለብረትና ለእንጨት ሥራ ቤቶች የመብሻ ጂግ (ቀዳዳው የሚበሳበትን ቦታ የሚመራ መያዣ) እና ቴምፕሌት በኢፖክሲ፣ ማለትም ሬዚንና ሃርድነር የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው በሚጠነክር ፕላስቲክ እሠራለሁ፤ ሞልድ አዘጋጅቼ አፈሳለሁ፣ ሲጠነክር አወጣለሁ። ልኩ አይዛነፍም፣ ብረት ከማስቀረጽም ይረክሳል። ችግሩ ስብራት ነው። ጂጉ ከጠረጴዛ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ጥጉ እንደ ሸክላ ቦጭ ይላል። ደንበኛ ይዞት ሲመለስ በጣም ያመኛል፤ ምክንያቱም ልኩ ትክክል ነው፣ ሥራው ንጹሕ ነው፣ አንድ ጥግ ብቻ ጠፍቶ ሁሉም ከንቱ ይሆናል።

ያልሞከርኩት የለም ማለት ይቻላል። ታልክ (ደቃቅ የድንጋይ ዱቄት) ጨመርኩ፤ ጠነከረ እንጂ መሰበሩን አልተወም። የፋይበር ግላስ ክር ቆራርጬ ጨመርኩ፤ ጥጉ ውስጥ አልገባ አለ፣ አየርም ያዘ። ኢፖክሲን የሚያለሳልስ ፈሳሽ ገዝቼ ጨመርኩ፤ መሰበሩ ቀነሰ፣ ግን የመብሻው ቀዳዳ በሳምንት ሰፋ።

አሁን በእጄ ያለው ፒሲኤል ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚለሰልሰው፣ ሰዎች በእጃቸው እየጠፈጠፉ ቅርጽ የሚያወጡበት ነጭ የፕላስቲክ ፍሬ። ትኩስ ሬዚን ውስጥ ይሟሟል፣ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ክሪስታል ሠርቶ (ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ተደርድረው ረግተው) ከውስጥ ያጠናክራል የሚል አነበብኩ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ።

አንደኛው፦ 100 ግራም ሬዚን፣ 20 ግራም ፒሲኤል። ከሟሟ በኋላ ፈጣኑን ሃርድነር፣ ለመቶ ግራም ሬዚን 13 ግራም የሚገባውን፣ ሬዚኑንና ፒሲኤሉን ደምሬ በ120 አስልቼ 15.6 ግራም ጨመርኩ። እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወጣ። ወለል ላይ ወረወርኩት፣ አልተሰበረም! በጣም ደስ አለኝ። በማግስቱ መኪና ውስጥ ከመስታወቱ ሥር ረስቼው ውዬ ሳገኘው ጎብጧል።

ሁለተኛው፦ ያንኑ በግማሽ ኪሎ አደረግሁት። ገና ሳማስለው ጽዋው ማቃጠል ጀመረ፣ ጨሰ፣ አረፋ አውጥቶ እዚያው ደረቀ።

ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ወይስ ነገሩ ከመነሻው አይሆንም?


ሰላም_ኬሚ
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስለ ሁለተኛው ሙከራ ልናገር፤ ምክንያቱም ሰው ሊጎዳ ይችላል። ሬዚንና ሃርድነር ሲገናኙ ራሳቸው ሙቀት ያወጣሉ። አንተ ፒሲኤሉን ለማሟሟት ቀድመህ አሙቀኸዋል፣ ከዚያ ፈጣን ሃርድነር በብዛት ጨመርክበት። ሙቀቱ መውጫ ስላጣ ራሱን በራሱ አባባሰ። የሚወጣው ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ቢገጥምህ ጽዋውን ይዘህ አትቁም፤ ደጅ አስቀምጠህ ራቅ። ጓንትም አደራ። የአሚን ሃርድነር ቆዳን አንዴ ካስቆጣ ከዚያ በኋላ በነካህ ቁጥር ሊያሳክክህ ይችላል፣ እኔ ካለሁበት ላቦራቶሪ በዚህ ምክንያት ሥራ የቀየረ ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ነገሩ ይሆናል። ግን «ክሪስታል ጨምሬ አጠነከርኩ» ከሚል አስተሳሰብ መውጣት አለብህ። ዋናው ጥያቄ ክሪስታሉ መቼ ይፈጠራል የሚለው ነው።

ኢፖክሲ ለምን እንደሚሰበር አስብ። ሲጠነክር የሞለኪውል ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይተሳሰሩና አንድ ትልቅ መረብ ይሆናሉ። ስለዚህ ነው ቢሞቅ የማይቀልጠው፤ ልኩን የሚጠብቅልህም በዚህ ምክንያት ነው። ግን መረቡ ስለተቋጠረ ሰንሰለቶቹ መንሸራተት አይችሉም። ስንጥቅ ሲመጣ ጉልበቱን የሚውጥለት ነገር የለም፤ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

ጎማ ነክ ነገር ስትጨምር ጉልበቱን የሚውጥ አገኘህ፣ ግን ግትርነቱን አጣህ፤ ቀዳዳህ የሰፋው ለዚህ ነው። ክሪስታል የሚሠራ ፕላስቲክ የሚያጓጓው እዚህ ላይ ነው፦ ሬዚኑ ፈሳሽ ሳለ እሱም ሟሙቶ አብሮ ይፈሳል፣ ጥግ ሁሉ ይገባል። ሬዚኑ መተሳሰር ሲጀምር አብሮ መኖር ያቅታቸውና ይለያያሉ። ሲቀዘቅዝ ደግሞ የተለየው ክፍል ክሪስታል ሠርቶ ይጠነክራል። የቤት ምርጊትን አስብ። ጭቃ ያለ ጭድ ይሰነጠቃል፤ አንተ ግን ጭዱን ቀድመህ ስለጨመርክ (የፋይበር ግላሱ ክር ማለቴ ነው) ጥግ አልገባልህም። ይህኛው ጭዱ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ በኋላ ከጭቃው ውስጥ እንደመብቀል ነው።

ሁለት ስሕተት አይቻለሁ። አንደኛ፣ ሃርድነሩን በ120 ማስላትህ። ፒሲኤል ከሃርድነሩ ጋር አይተሳሰርም፤ እዚያ ውስጥ ያለ እንግዳ ነው። ሃርድነር የሚሰላው በሬዚኑ ብቻ ነው፣ 13 ግራም በቂ ነበር። ትርፉ 2.6 ግራም መረቡን አላላው። ሁለተኛ፣ 20 ግራም በዛ። ጎበጠ ያልከው ከዚህ ጋር ይገናኛል፤ ማታ በሰፊው እጽፋለሁ።


አዲስ_ጀማሪ
ይቅርታ፣ እኔ ጌጣጌጥ ነው የምሠራው። በክረምት ሬዚኔ ጀሪካኑ ውስጥ እንዳለ ነጭ ሆኖ እንደ ስኳር ጠጠር ሠራ። ክሪስታል የሚያጠነክር ከሆነ እንዲሁ ብጠቀመው ይሻላል ማለት ነው?


የቀለሙ_ሰው
ልጄ፣ አይደለም፤ ይህን ሳትሠሪበት መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ያ ጠጠር ሌላ ነገር አይደለም፣ ራሱ ሬዚኑ ነው። ንጹሕ ኢፖክሲ ብርድ ሲያገኘው እንደ ማር ይረጋል። የረጋ ማር ተበላሸ አይባልም አይደል? ፀሐይ ላይ ስታስቀምጪው ይመለሳል። ሬዚኑንም ክዳኑን ላላ አድርገሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሚው፤ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሆኖ ጥርት እስኪል ቆይ። አንዲት ፍሬ እንኳ ከታች ከቀረች እንደገና እንድትረጋ መነሻ ትሆንበታለች። ውሃ እንዳይገባበት ተጠንቀቂ።

እንዲሁ ብትጠቀሚው የሚሆነውን ልንገርሽ። ክሪስታል ውስጥ ያለው ሬዚን ሃርድነሩን አያገኘውም። ፈሳሹ ክፍል ሃርድነር ይበዛበታል፣ ጠጠሩ ደግሞ ሳይተሳሰር ይቀራል። ጌጡ ይጣበቅብሻል። ሞልድ ሠሪው የሚፈልገው ክሪስታል መተሳሰር የማይጠበቅበት እንግዳ ነው፤ የአንቺው ጠጠር ግን ከቤተሰቡ የጠፋ ሰው ነው።


ሰላም_ኬሚ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጌ አልናገረውም።

ስለ መጉበጡ። ፒሲኤል የሚቀልጠው 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአንተ ቅይጥ ውስጥ ከጠቅላላው ወደ 15 በመቶ ነው የሆነው (20 ለ135.6)። ይህ ቁጥር ለኔ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ በሚገኘው ሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች በዚሁ በ15 በመቶ አካባቢ ኢፖክሲና ፒሲኤል ቀላቅለው ያሳዩት ነገር አለ። መጠኑ እዚያ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፦ ኢፖክሲው እርስ በርሱ የሚነካካ ክብ ክብ ፍሬ ይሆናል፣ ፒሲኤሉ ደግሞ በመካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ሞልቶ ያያይዘዋል። እነሱ ጡብና ሙርታ ብለው ነው የገለጹት። ሲያሞቁት ፒሲኤሉ ቀልጦ፣ ከኢፖክሲው በላይ ስለሚሰፋ ወደ ስንጥቁ ፈሰሰና ስንጥቁን መልሶ አጣበቀው። ለእነሱ ይህ ግኝት ነው፤ ራሱን የሚጠግን ዕቃ ፈልገው ነበርና። ለአንተ ግን ጉዳት ነው። ሙርታው መኪናህ ውስጥ ቀለጠ፣ ትርፉ ሃርድነርም መረቡን አልልቶት ነበር፤ ጡቡ ብቻውን ሊሸከም አልቻለም።

ስለዚህ ወደ ታች ውረድ። ፒሲኤሉ እርስ በርሱ የማይገናኝ ትንንሽ ፍሬ ሆኖ ኢፖክሲው ውስጥ ተበትኖ እንዲቀር ነው የምትፈልገው። ያኔ ቢቀልጥም ግድግዳውን የሚሸከመው ኢፖክሲው ነው።

ሌላም አለ። ለያንዳንዱ ሃርድነር ፒሲኤል ጠባዩ ይለያያል። ከአንዳንዱ ጋር ጨርሶ አይለያይም፣ እስከ መጨረሻው ሟሙቶ ይቀራል። ያኔ ክሪስታልም የለም፣ ሙቀት የመቋቋም አቅምም ይወርዳል። ምልክቱ መልኩ ነው፤ ጥርት ብሎ ከወጣ አልተለየም ብለህ ጠርጥር። የአንተው ወተት መምሰሉ መልካም ዜና ነው።


ዱባይ_ያለሁት
እኔ የምሠራው የፋይበር ግላስ ጀልባ ጥገና ነው። የምጽፈው ለማስጠንቀቅ ነው። 60 ዲግሪ ስትሉ ብዙ ይመስላል፤ እዚህ በሐምሌ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነገር ፀሐይ ላይ ከዋለ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ጂግህን ወደ ቆላ የምትልክ ከሆነ፣ ድሬዳዋም ሆነ አፋር፣ ነጭ አድርገው፤ ጥላ ውስጥ እንዲቀመጥም ለደንበኛህ ንገረው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ይህ ነገር ለፖሊስተር ሬዚን ይሆናል? እኛ ጋ ዋናው እሱ ነው።


ሰላም_ኬሚ
ለፖሊስተር ሌላ ታሪክ ነው። ፖሊስተር ሬዚን ሲጠነክር በጣም ይሰበሰባል፣ ከ7 በመቶ በላይ። ስለዚህ ፋብሪካዎች የሚጨምሩት ሌላ ፕላስቲክ በአብዛኛው መሰብሰቡን ለመቀነስና ገጽታው እንዳይኮማተር ነው፤ ክሪስታል የማይሠሩትም በደንብ ያገለግላሉ። ስብራትን ለመከላከል ለአንተ ጨርቁ ራሱ ይሻልሃል።


ክንፍ_ጥገና
የአውሮፕላን ኮምፖዚት ጥገና ላይ ነኝ። ውይይቱ ስለሳበኝ አንድ ነገር ልጨምር።

ቦይንግ 787 በክብደት ግማሹ ኮምፖዚት ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ሲረከበው ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። የካርቦን ጨርቁ በኢፖክሲ የተነከረ ነው፤ ያ ኢፖክሲ ደግሞ እንደ ሞልድ ሠሪው ጥግ ተሰባሪ ቢሆን ኖሮ መፍቻ ከሰው እጅ ሲወድቅበት ንብርብሮቹ ከውስጥ ይላቀቁ ነበር፤ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አይመስልም። በኛ ሥራ በጣም የምንፈራው ይህን ነው። መፍትሔው በንብርብሮቹ መካከል ባለው ስስ የሬዚን ሽፋን ውስጥ የናይለን ዓይነት ደቃቅ ቅንጣቶች መበተን ነበር። የጃፓኑ ቶሬይ የሚያቀርበው ጨርቅ እንዲህ ያለ ነው፤ ከ787 በፊትም በ777 ጭራ ላይ አገልግሏል።

እኛ ጋ በጣት እየመታን ድምፁን እናዳምጣለን፣ በአልትራሳውንድም እናያለን። ቅንጣቱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሥራውን ግን አውቀዋለሁ።


አዲስ_ጀማሪ
እንግዲህ አውሮፕላን ላይ ከሠራ ክሪስታል መሆኑ ወሳኝ ነው ማለት ነዋ?


ሰላም_ኬሚ
እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። እነዚያ ቅንጣቶች ሁሉ ክሪስታል አይደሉም፤ ዋናው ነገር ከኢፖክሲው ጋር መያያዛቸውና እየተለጠጡ ጉልበት መዋጣቸው ነው። ክሪስታል መሆን ራሱ ምን ጨመረ የሚለውን ለየብቻ የጠየቀ ጥናት አለ። ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮበርትሰንና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ሥራ አንዱን ኢፖክሲ ወስደው በሦስት ክሪስታል በሚሠሩ ፕላስቲኮች ዱቄት አጠናከሩት፦ ናይለን 6፣ ፒቪዲኤፍና ፒቢቲ። ለማነጻጸሪያ በጎማ የተጠናከረውንም አስቀመጡ። ናይለኑና ፒቪዲኤፉ ከጎማው ጋር ተቀራረቡ። ፒቢቲ ግን ሁለት እጥፍ ያህል በለጠ። ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ይህ ነው፦ ግትርነቱ አልወረደም። ሞልድ ሠሪው የሚፈልገው ይህንኑ አይደል?

ሦስቱም ክሪስታል ሆነው ሳለ ፒቢቲ ለምን በለጠ? የቀረበው ማብራሪያ ከሴራሚክ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ዚርኮኒያ የሚባለው ሴራሚክ ስንጥቅ ሲመጣበት ክሪስታሉ ቅርጹን ቀይሮ እንደሚሰፋና ስንጥቁን እንደሚጨቁን አሳይተው ነበር። ፒቢቲም ሲለጠጥ ከአንድ የክሪስታል አደራደር ወደ ሌላ ይሻገራል። ሲሻገር ስንጥቁን የሚገፋውን ጉልበት ይበላል ነው ሐሳቡ። ፒሲኤል እንዲህ ያለ ጸባይ አለው ብዬ አልነግራችሁም፤ የእሱ ጥቅም በቀላሉ መሟሟቱና እጃችሁ ላይ መገኘቱ ነው። ፒቢቲ ለመቅለጥ ከ220 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ያ የወርክሾፕ ሥራ አይደለም።


የቀለሙ_ሰው
እኔም ከቀለም ሥራ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ የክሪስታሉ ቅርጽ በእናንተ እጅ መሆኑን ያሳያል።

ጉሎ ታውቃላችሁ፤ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው። ከዘይቱ በሃይድሮጂን ተጠናክሮ የሚወጣ ሰም አለ፣ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ነው። ወፍራም የኢፖክሲ ቀለም ግድግዳ ላይ እንዳይወርድ ይጨመራል። ይህ ዱቄት በልኩ ሙቀትና በብርቱ ማማሰል ውስጥ ካለፈ ወደ ቀጫጭን መርፌዎች ይለወጣል፤ መርፌዎቹ ተጠላልፈው ቀለሙን ያቆሙታል፣ በብሩሽ ሲነካ ይለቃል፣ ሲተዉት መልሶ ይቆማል። ለጥንካሬ አይደለም፣ ላለመውረድ ነው። ትምህርቱ ግን ያው ነው።

ድሮ በሠራሁበት ፋብሪካ አንድ ሌሊት የማደባለቂያው ሙቀት ከልኩ አለፈ። የተረኛው ጥፋት አልነበረም፤ መለኪያው ነበር የዋሸው። ዱቄቱ ጨርሶ ሟሟ። እስኪነጋ ዝም ብሎ ቀዘቀዘ። ጠዋት ቀለሙን በስፓቹላ ስንዘረጋው እንደ ቅንጬ ፍሬ ፍሬ ነበር፤ አንድም መርፌ የለም። ያንኑ ዕቃ፣ ያንኑ መጠን ነው የጨመርነው፤ የተለወጠው የሙቀቱ መንገድ ብቻ ነው። በርሜል ሙሉ ቀለም ተደፋ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሞልድ ሠሪ፣ ቴርሞሜትር ግዛ። በእጅህ መዳሰስን ተው።


ሞልድ ሠሪው
ጋሼ፣ ሰላም፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቴርሞሜትር ገዛሁ። አሁን ቅደም ተከተሉን በደንብ ንገሩኝ። ዘገምተኛ ሃርድነር አግኝቻለሁ፣ ፖሊኤተር አሚን ነው፣ ለመቶ ሬዚን 32 ግራም ይላል።


ሰላም_ኬሚ
በጣም ጥሩ፣ እሱ ይመቻል። ለ100 ግራም ሬዚን 10 ግራም ፒሲኤል ያዝ። ከሃርድነሩ ጋር ከጠቅላላው 7 በመቶ ይሆናል።

መጀመሪያ ፍሬውን ጥላ ውስጥ አድርቅ። ሬዚኑን ብቻውን ኦቨን ውስጥ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ አድርስ፤ እሳት ላይ በፍጹም አታስቀምጥ። ፍሬውን ጨምረህ አልፎ አልፎ እያማሰልክ ጥርት እስኪል ጠብቅ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፣ አትቸኩል። ከዚያ ወደ 65 ዲግሪ አውርደው። ከዚያ በታች ካወረድከው ፒሲኤሉ ሃርድነሩ ሳይገባ መርጋት ይጀምርና እንደ ገንፎ ይሆንብሃል፤ ያ ቀድሞ የረጋ ክሪስታል አይጠቅምህም፣ አየር ያስይዝሃል። በጣም ከሞቀም ሃርድነሩ ይቸኩላል። 32 ግራሙን ጨምር፣ በደንብ አማስል፣ አስቀድመህ ባሞቅኸው ሞልድ ውስጥ አፍስስ። መጀመሪያ ከ200 ግራም አትለፍ። 80 ዲግሪ ላይ ሦስት ሰዓት። በዚህ ጊዜ ነው ወተት መምሰል የሚጀምረው፤ ተሳክቶ ሲለይ ታየዋለህ፣ እኔ እስከ ዛሬ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ኦቨኑን አጥፍተህ ውስጡ እንዳለ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ክሪስታሉ የሚሠራው ያኔ ነው፤ መረቡ ቀድሞ ስለተቋጠረ የትም አይሄድም።

ለመፈተሽ ደግሞ መወርወር አይበቃም። ያለ ፒሲኤልም አብረህ አፍስስ። እኩል መጠን ያላቸው ዘንጎች አውጣ፣ መካከላቸውን በመጋዝ ትንሽ ቁረጥ፣ በቁርጡ ውስጥ አዲስ ምላጭ መታ መታ አድርግ፣ ስንጥቁ እንዲሾል። ሁለት ድጋፍ ላይ አጋድመህ ከመካከል ጀሪካን አንጠልጥልና ቀስ እያልክ ውሃ ጨምር።


ሞልድ ሠሪው
(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ይቅርታ ቆየሁ፣ መብራትም እየጠፋ አስቸግሮኝ ነበር። አንዱ ሙከራ 80 ዲግሪ ላይ ገና አንድ ሰዓት እንደሞላው ጠፋ፤ እሱን አልቆጠርኩትም።

የተሳካው ልክ ሰላም እንዳልሽው ወጣ። ሲገባ ማር የመሰለ ጥርት ያለ፣ ሲወጣ ነጭ። አሥር ዘንግ አወጣሁ፣ አምስቱ ባዶ ኢፖክሲ፣ አምስቱ ፒሲኤል ያለበት። ባዶዎቹ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ግማሽ ሳይሞላ ጠቅ ብለው ሄዱ፣ የተሰበረው ገጽ እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። ፒሲኤል ካለባቸው አራቱ ከግማሽ በላይ ያዙ፤ የተሰበሩበት ገጽም ሻካራ ነው፣ በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል። አምስተኛው እንደ ባዶው ቶሎ ሄደ፤ ስብራቱ ላይ የአየር ጉድጓድ አገኘሁ፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት።

አንዱን ጂግ 65 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሁለት ኪሎ ጭኜበት አንድ ሰዓት አቆየሁት። ካሊፐሩ ልዩነት አላሳየም። የመጀመሪያው መኪና ውስጥ ጎብጦ ነበር።

አሁን ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ሁለት ጂግ ከኦቨን እንደወጡ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተትኩ፣ ሁለቱን ቀስ ብዬ አቀዘቀዝኩ። በዓይን ሲታዩ አይለያዩም። በስብራት ይለያዩ ይሆን?


ሰላም_ኬሚ
ውጤትህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ! ገጹ ሻካራ መሆኑ ትልቅ ምልክት ነው፤ ስንጥቁ ቀጥ ብሎ አላለፈም፣ እየተጠማዘዘ ነው የሄደው።

ቶሎ የቀዘቀዘው ትንንሽና ያልተሟላ ክሪስታል ይኖረዋል፤ ቀስ ያለው የተሻለ የተደራጀ። ግን አንድ ሳምንት ክፍሉ ውስጥ አስቀምጣቸው፤ ፒሲኤል በክፍል ሙቀትም ቀስ በቀስ መርጋቱን ይቀጥላል። ከሳምንት በኋላ አራቱንም በአንድ ቀን ስበራቸው፤ ምላጩንም ለየአንዳንዱ አዲስ ተጠቀም።


የቀለሙ_ሰው
ስታፈስ ሞልዱን ትንሽ አዘንብለህ ከዝቅተኛው ጥግ ጀምር፤ አየሩ ወደ ላይ ይሸሻል። ስንጥቁን ከለካህ በኋላ የተሰበሩትን አትጣል፣ ጽፈህባቸው አስቀምጥ። ቅዳሜ ወደ ቃሊቲ እመጣለሁ፣ ገጻቸውን በማጉያ መስታወት አብረን እንያቸው።